ለአምባዛ የምናሰናዳት ሣጥን

ሰው ለመንገድ ሲነሣ ከቤቱ ይዞት የሚወጣውን ዕቃ ያየ፥ የሰውየውን ጠባይ ከብዙ በጥቂቱ ሊገምት ይችላል። አንዱ ለግማሽ ቀን ጉዞ የወር ስንቅ ይጭናል፤ ሌላው ደግሞ «እግዜር ያውቃል» ብሎ ባዶ እጁን እያወዛወዘ ይወጣና ከአንዱ ቢላዋ፥ ከአንዱ ክብሪት፥ ከአንዱ የሚጠጣ ውሃ ሲለምን ይውላል። እኛ በወጣትነታችን ከሁለተኞቹ ወገን ነበርን። ዛሬ ግን ቅዳሜ ማታ ከራት በኋላ ጠረጴዛው ተጠርጎ፥ አንዲት አረንጓዴ ቀለም የተቀባች የቆርቆሮ ሣጥን በመካከሉ ተከፍታ፥ እኛም መነጽራችንን አድርገን መንጠቆ በየመጠኑ ስንለይ ያየን ሰው፥ ወደ ፊተኞቹ ወገን የተሻገርን ሳይመስለው አይቀርም።

በመሥሪያ ቤታችን ያሉ ባልንጀሮቻችን ይህን ነገራችንን ሰምተው ይሥቁብናል። ዓሣ ለማጥመድ አንድ ክርና አንድ መንጠቆ ይበቃል፤ ይህ ሁሉ መሣሪያ ግን ለቀዶ ሕክምና እንጂ ለዓሣ አይመስልም ይላሉ። ነቀፋቸው ጨርሶ ሐሰት ነው አንልም። በሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ በአንድ ዘንግና በአንድ ክር ከእኛ የበለጠ ሲያጠምድ ብዙ ጊዜ አይተናል። ነገር ግን በዚች ሣጥን ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ የገባበት ምክንያት አለው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ለሣቅ የሚሆን አይደለም። ዛሬ ለአንባብያን ልናወጋ ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ሣጥን የሚሰናዳው እንደሚጠመደው ዓሣ ጠባይ ነውና፥ አስቀድሞ ስለ ዓሣው ጥቂት መናገር ይገባል። አምባዛ በጣና፥ በአዋሽ፥ በሐዋሳና በባሮ፥ በሌሎችም ብዙ ውሃዎቻችን ይኖራል። ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ፥ ቆዳው ቅርፊት የሌለውና የሚያሙለጨልጭ፥ ሰውነቱም ረጅም ነው፤ ከአንድ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ፥ ይኸውም ስምንት ጢሞች አሉት። በእነዚህ ጢሞች በድፍርስ ውሃና በጨለማ ውስጥ ምግቡን ዳስሶና ቀምሶ ያገኛል። ከስንጥቡ በላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ሌላ መተንፈሻ ስላለው፥ አየር መሳብ ይችላል። ስለዚህ ሌላው ዓሣ ቶሎ በሚሞትበት የብስ እርሱ፥ እርጥበት ካገኘ፥ ብዙ ሰዓት በሕይወት ይቆያል። የእንስሳት ሊቃውንት ክላሪያስ ጋሪየፒኑስ ይሉታል። ይህን ስም በ1822 እ.ኤ.አ. ያወጣለት እንግሊዛዊው ዊልያም በርቸል ሲሆን፥ ሁለተኛው ቃል በደቡብ አፍሪካ ከሚገኘው ከጋሪየፕ ወንዝ የተወሰደ ነው። ለእኛ ግን አምባዛ ነው።

አምባዛን ሁሉም ሰው በአንድ ዓይን አያየውም። እናታችን ቅርፊት የሌለው ዓሣ በድስታቸው እንዲገባ በሕይወት ዘመናቸው አልፈቀዱም። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11፥ በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 14 ከውሃ እንስሳት ክንፍና ቅርፊት ያላቸው ብቻ እንዲበሉ የተጻፈውን ይዘው፥ አምባዛን ከሚበሉት አይቆጥሩትም። ሌላው ሰው ደግሞ አጥንቱ ያነሰ፥ ሥጋው የሞላ ነው ብሎ ከቆሮሶ ያስበልጠዋል፤ በከተማም በምግብ ቤት ተጠብሶ ይበላል። እኛ ከእናታችን ጋር ስለዚህ ነገር ክርክር ገጥመን አናውቅም። ቆሮሶ ከያዝን ወደ ቤት እናመጣለን፤ አምባዛ ከያዝን ግን በሐይቁ ዳር ለሚኖሩት ለሚበሉት ሰዎች እንሰጣለን። «ታዲያ ለማትበላው ዓሣ ምን አደከመህ?» ብለው እናታችን አንድ ቀን ጠይቀውን ነበር። የሰጠናቸው መልስ ለእርሳቸውም ለእኛም አጥጋቢ አልነበረም። አምባዛ ብርቱ ነው፤ ብርቱ ነገር ደግሞ የሰውን ልብ ይስባል። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ዛሬም የለንም።

ሣጥኒቱን የገዛናት ከመርካቶ፥ ከምናለሽ ተራ ነው። በዚያ ሰፈር ያገለገለ በርሜልና ቆርቆሮ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃ፥ ባልዲ፥ ሣጥንም ሆኖ ይወጣል። ሣጥኒቱን በገዛን ጊዜ ውስጧ ባዶ ነበር፤ ክፍልም መደርደሪያም አልነበራትም። ሻጩ በጥቂት ብር ጭማሪ ክፍል ክፍል አድርጎ ሊሠራልን ጠይቆን ነበር። እኛ ግን ገንዘቡን ሳይሆን ጊዜውን ሣሥተን፥ «እንዲሁ ይሁን» ብለን ይዘናት ሄድን። የዚያች ችኮላ ዋጋ በኋላ ተከፈለ፤ የከፈልነው ግን እኛ አልነበርንም።

ነገሩ በ2004 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የሆነ ነው። በዚያን ጊዜ የታላቅ እህታችን ልጅ የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። አባቱ በሥራ ምክንያት በሩቅ አገር ስለ ነበረ፥ ልጁ በእኛ ላይ ተስፋውን የጣለ፥ በሄድንበት ሁሉ ሊከተለን የሚወድ ነበር። ዓሣ ለማጥመድ ወደ ቆቃ እንደምንሄድ በሰማ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ እናቱን ለመነ። እህታችንም በመጨረሻ ፈቀደች። በማለዳ ልጁን በር ድረስ አምጥታ ስታስረክበን፥ «አደራህን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረችም። አደራ የሚለው ቃል በአገራችን ከብዙ ንግግር ይከብዳል፤ እኛ ግን በዚያን ጊዜ እንደ ሰላምታ ሰማነው።

ሣጥኒቱን ያሰናዳነው በዚያው ማለዳ፥ ወዳጃችን በመኪናው ደጅ ላይ ጥሩንባ እየነፋ ሳለ ነው። ማሰናዳት ከተባለ፥ ያለውን ሁሉ እየዘገንን ወደ ውስጥ ወረወርን። መንጠቆዎቹ በስስ ወረቀት ተጠቅልለው ነበርና ወረቀቱ ወዲያው ተቀደደ። እርሳሱ፥ ክሩ፥ ቡሹ፥ ቢላዋው አንድ ላይ ተደባለቁ። ጉጠቱን ከጥቂት ቀን በፊት የቧንቧ መፍቻ አድርገንበት በመስኮቱ ደፍ ላይ ረስተነው ቀረ። የእጅ ባትሪው ድንጋይ ያረጀ መሆኑን እያወቅን፥ ለአንድ ሌሊት ይበቃል አልን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምረን ስንሰማ አድገናል፤ ይሁን እንጂ ተረትን መስማትና በተረት መመከር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የቆቃ ሐይቅ በተፈጥሮ የነበረ ሐይቅ አይደለም። ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ ገንዘብ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ገሊላ ሐይቅም ይባል ነበር። ውሃው ብዙውን ጊዜ ድፍርስ ነው፤ ለአምባዛም የሚስማማው እንዲህ ያለው ውሃ ነው። ጉማሬና አዞም አሉበት። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ ሰው በጨለማ ወደ ውሃው ጠርዝ አይቀርብም።

እኛም ከውሃው ራቅ ብለን ከፍ ባለ ቦታ ላይ ተቀመጥን። በአጠገባችን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን ይጠግኑ ነበር። ሣጥናችንን ከፍተን መንጠቆ ስንፈልግ አንገታቸውን ዘለግ አድርገው ወደ ውስጥ ተመለከቱና፥ «ልጄ፥ ይህ ሣጥን ነው ወይስ ጆንያ?» አሉን። እኛም ሣቅን፤ ልጁም ሣቀ። ሽማግሌው ግን አልሣቁም።

ፀሐይ ጠልቃ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በሆነ ጊዜ ክራችን ተሳበ። እንደ ቆሮሶ አልነካካም፤ ሳያቋርጥ፥ ሳይቸኩል፥ እንደሚጎተት ግንድ ይሄድ ጀመር። አምባዛ ነበር፤ ትልቅም ነበር። ዘንጉን በሁለት እጃችን ይዘን ተነሣን። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብለን ልጁን ከሣጥኒቱ እርሳስ ፈልገህ አምጣ ብለነው ነበር። የእጅ ባትሪው ደክሞ ጠፍቷልና፥ ልጁ በጨለማ እጁን ወደ ሣጥኒቱ ሰዶ ይዳብስ ነበር።

«ጋሼ!» አለን።

«ቆይ» አልነው።

«ጋሼ፥ እጄን!»

«ቆይ አልንህ!»

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፤ ነገር ግን ያልተጻፈ እንደ ሆነ ይህ ጽሑፍ ስለ መንጠቆና ስለ ቡሽ ብቻ ይሆናል። የልጁን ድምፅ አልሰማንም ማለት አንችልም፤ ሰምተነዋል። በድምፁ ውስጥ ሕመም እንዳለም ተረድተናል። ነገር ግን ዓሣው በክሩ ጫፍ ነበረና፥ ዓሣው እስኪወጣ ልጁ ይጠብቅ አልን። ስንት ጊዜ እንደ ቆየ ዛሬ መናገር አንችልም፤ ምናልባት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሽማግሌው ግን ያን ያህልም አልቆዩም። መረባቸውን ጥለው ተነሡ፤ ወደ ልጁ በእጃቸው ይዘውት የነበረውን ፋኖስ አቅርበው አዩ። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው አንድ ቃል ሳይናገሩ በቢላዋቸው ክራችንን ቆረጡት። ዘንጉ በእጃችን ውስጥ ቀለለ።

«ዓሣው ነገም አለ» አሉ።

የልጁን እጅ ባየን ጊዜ አንድ ትልቅ መንጠቆ ከአውራ ጣቱ ሥር በሥጋው ውስጥ ተሰክቶ፥ ከመንጠቆው ጋርም የተወሳሰበ ክርና ሁለት ሌሎች መንጠቆዎች ተንጠልጥለው ነበር። መንጠቆ ከጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የምትመለስ ስለት አለችው፤ የተሠራችውም የገባው እንዳይወጣ ነው። ስለዚህ ጎትቶ ማውጣት ሥጋውን መቅደድ ይሆናል። የተንጠለጠለውን ለመቁረጥ ጉጠት ፈለግን፤ ጉጠቱ በአዲስ አበባ በመስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። የሚጠቀለልበት ንጹሕ ጨርቅ ፈለግን፤ አልያዝንም። ሽማግሌው ከራሳቸው ነጠላ ጫፍ ቀደው እጁን እንዳይነቃነቅ አድርገው አሰሩለት፤ እኛም ወደ ሞጆ ገሠገሥን።

በመንገድ ላይ ልጁ አላለቀሰም። ብዙ ጸጥ ካለ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ዓሣው በእኔ ምክንያት አመለጠብህ፤ ይቅርታ» አለን። ከዚያ በኋላ በሕይወታችን ብዙ ተግሣጽ ሰምተናል፤ ከአለቃም ከወዳጅም። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማንም።

በሕክምናው ቤት ያገኘናት ባለሙያ እጁን በመርፌ ካደነዘዘች በኋላ፥ የመንጠቆውን ጫፍ ወደ ፊት ገፍታ በሌላ በኩል አወጣችው፤ ስለቷን በመቁረጫ ቆርጣ የቀረውን በገባበት መንገድ መለሰችው። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌም ወጋችው። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ቤት ስንደርስ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። እህታችን የልጇን እጅ አገላብጣ አየች፤ የሆነውን ሁሉ ከራሱ ከልጁ ሰማች። ከዚያም ወደ እኛ ቀና ብላ፥ «ሲጠራህ የት ነበርክ?» አለችን።

ሁለት ክንድ ያህል እርቀን ነበርን። ይህንን ግን ልንመልስላት አልቻልንም። እርሷም ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ ልጇን ከእኛ ጋር ወደ ውሃ አልሰደደችውም። አልተቆጣችም፤ ሰላምታም አልነሣችን። አደራዋን ብቻ አነሣች።

እንግዲህ አሁን በጠረጴዛው ላይ ወደ ተከፈተችው ሣጥን እንመለስ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሣጥኒቱን ወደ ምናለሽ ተራ መልሰን ወስደን ክፍል ክፍል አሠርተንባታል። ስናሰናዳት አራት ሕግ እንጠብቃለን፤ እነዚህንም እንደ እኛ ለሚያጠምድ ሰው ይጠቅሙ እንደ ሆነ እንጽፋቸዋለን።

አንደኛው ሕግ፥ የሚወጋ ነገር ሁሉ ለብቻው ይቀመጥ የሚል ነው። መንጠቆዎቻችን ዛሬ በወፍራም ቡሽ ላይ በተርታ ተሰክተው ክዳን ባለው ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እጅ የሚሰደድበት ክፍል ውስጥ አንድም አይገባም። ስለ መጠናቸውም መናገር ያስፈልጋል። የመንጠቆ ቁጥር አቆጣጠር ጀማሪውን ያሳስታል። ዜሮ ያልተጨመረበት ቁጥር በበዛ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ዜሮ የተጨመረበት ግን ቁጥሩ በበዛ መጠን ይተልቃል። አፈ ሰፊ ለሆነው ለአምባዛ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ወገን ነው። ከዚህም ውስጥ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረውን ክብ መንጠቆ እንመርጣለን፤ እርሱ አብዛኛውን ጊዜ የዓሣውን የአፍ ጠርዝ ይይዛል እንጂ ወደ ሆዱ አይገባም። መልሰን ልንለቀው የምንፈልገው ትንሽ ዓሣ ቢሆን በሕይወት ይሄዳል።

ሁለተኛው ሕግ፥ ዕቃው ለዓሣው ጠባይ የተገባ ይሁን የሚል ነው። አምባዛ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ክራችን እስከ 15 ኪሎ ግራም የሚችል የናይሎን ክር ነው። የአምባዛ ጥርስ እንደ ውሻ ጥርስ የሚነክስ ሳይሆን ጥቃቅንና ብዙ ሆኖ እንደ ሞረድ የሚፈገፍግ ነው፤ ስለዚህ ከመንጠቆው ቀጥሎ ያለውን አንድ ክንድ ያህል ክር ከቀረው አወፍረን እንቀጥላለን። እርሳሱ መካከሉ የተበሳ ነው፤ ክሩ በቀዳዳው ውስጥ ይመላለሳል። በዚህ አኳኋን ዓሣው ምግቡን ሲያነሣ የእርሳሱ ክብደት ስለማይሰማው ተጠራጥሮ አይተፋውም። በሁለቱ ክሮች መጋጠሚያ ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ቀለበት እናስገባለን፤ ዓሣው ቢገለባበጥም ክሩ አይገመድም። የመሳቢያ ምግቡ የመሬት ትል፥ የዶሮ ጉበት ወይም የትንሽ ዓሣ ሥጋ ነው፤ አምባዛ የማይበላው ነገር ጥቂት ነውና። ይህ ግን ከሣጥኒቱ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ለብቻው በጣሳ ይያዛል። እርጥበቱ መንጠቆውን ያዝገዋል፤ ሽታውም የቤት ሰላም ይነሣል።

ሦስተኛው ሕግ፥ ለማይጠበቀው ሰዓት የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ ይቀመጥ የሚል ነው። ክዳኑ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚታየው ጉጠት ነው፤ ይህም የመቁረጫ ጥርስ ያለው፥ ወፍራም ሽቦ የሚቆርጥ ነው። ቀጥሎ ቢላዋ፤ ቀጥሎ የእጅ ባትሪና ከነወረቀቱ ያለ አዲስ የባትሪ ድንጋይ። የእጅ ባትሪውን ከቤት ሳንወጣ አብርተን እናያለን። ከዚያ ወፍራም የእጅ ሹራብ ይገኛል፤ አምባዛ በጎንና በጎኑ ካሉት ክንፎች ሥር ብርቱ እሾህ ስላለው፥ ሳይጠነቀቅ የሚይዘውን ይወጋል። አንዲት አጭር የእንጨት ዱላም አለች። ይህች ለጭካኔ አይደለችም። አምባዛ በየብስ ላይ ብዙ ሰዓት ስለሚያጣጥር፥ ሊበላ የተያዘው ፈጥኖ በአንድ ምት እንዲያርፍ ነው። የማይበላውን ነገር በከንቱ ማሠቃየት ነውር እንደ ሆነ ሁሉ፥ የሚበላውንም ማሠቃየት ነውር ነው።

አራተኛው ሕግ፥ ከውሃው ዳር ስንመለስ ይዘነው የሄድነው ሁሉ ይመለስ የሚል ነው። ለዚህ አንድ ባዶ የጨርቅ ከረጢት አለን፤ የተቆረጠ ክር፥ የታጠፈ መንጠቆ፥ የተሰበረ ቡሽ ይገባበታል። ናይሎን ክር በውሃ ዳር ቢጣል ቶሎ አይበሰብስም። በሐይቆቻችን ዳር ይርኩም፥ አባ ኮዳና ሌሎችም ወፎች ምግብ ሲለቅሙ ይውላሉና እግራቸው ወይም ክንፋቸው በተጣለ ክር ሊተበተብ ይችላል። አገራችን ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 315 ሕግ አውጥታለች። ነገር ግን የተጣለውን ክር ጎንበስ ብሎ የሚያነሣው አዋጁ ሳይሆን ሰው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ዕቃዎች ውስጥ እኛ ያላስገባናት አንዲት ክፍል አለች። በሣጥኒቱ ቀኝ ማዕዘን ትገኛለች፤ በውስጧም ሁለት ጥቅል ፋሻ፥ ጥጥ፥ አዮዲንና ሳሙና አሉ። ከዚያ ሌሊት በኋላ አንድ ዓመት ሲሞላ፥ በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ማታ እህታችን ወደ ቤታችን መጣች። ሣጥኒቱን ስናሰናዳ አገኘችን። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሣች ምንነቱን ጠየቀችን፥ እኛም መለስንላት። መንጠቆዎቹ የተሰኩበትን ቡሽ ብዙ ጊዜ አየችው፤ ክዳኑን ከፍታ ዘጋችው፤ በጣቷም መጥበቁን ፈተነችው። ከዚያም ከቦርሳዋ ውስጥ አንድ የወረቀት ጥቅል አውጥታ በባዶው ማዕዘን አስቀመጠችና፥ «ይኸም ይጨመር። ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትነሡት?» አለችን።

«የምትነሡት» አለች እንጂ «የምትነሣው» አላለችም። ልጁ አብሮን እንዲሄድ መፍቀዷን በዚህ አወቅን። ያን ሌሊት እንቅልፍ በደንብ አልወሰደንም።

ዓሣን መብላት በብልኀት ይባላል። ተረቱ የሚያስጠነቅቀው ስለ አጥንቱ ነው። አጥንት የሚወጋው ግን በማዕድ ላይ ብቻ አይደለም፤ ዓሣው ሳይጠመድ፥ ሣጥኑ ሲሰናዳ ይጀምራል። ይህን ስንል ዝግጅት ሁሉን አደጋ ያስቀራል ማለታችን አይደለም። ጉጠቱ በዚያ ሌሊት በሣጥኒቱ ውስጥ ቢኖር ኖሮ የተንጠለጠለውን ክርና መንጠቆ እንቆርጥበት ነበር፤ «ቆይ» ያልነውን ቃል ግን አይቆርጥልንም። ለቃል የሚሆን መሣሪያ በምናለሽ ተራም አይሸጥም። እኛ የተማርነው ይህን ነው፤ ሣጥን የሚሰናዳው ዓሣውን ለመያዝ ብቻ ሳይሆን፥ አስፈላጊ ሲሆን ዓሣውን ለመተው ልባችን ነጻ እንዲሆን ነው። ሁሉ ነገር በቦታው ሲሆን፥ ሰው ሲጠራን ዘወር ለማለት አፍታ እናገኛለን። ሁሉ ነገር ሲደበላለቅ ግን ከነገሩ ጋር ስንታገል የሚጠራንን አንሰማም፤ ብንሰማም «ቆይ» እንላለን።

ይህም ለዓሣ አጥማጅ ብቻ የተነገረ አይመስለንም። በመዝገብ ቤት የሚሠራው ጸሐፊ፥ በሰሌዳ ፊት የቆመው መምህር፥ ነገ በሥራ ላይ የሚሰማራው ተማሪ፥ እያንዳንዱ የየራሱ ሣጥን አለው። በእያንዳንዱም ደጃፍ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብሎ የሚጣራ አንድ ሰው አይጠፋም። በዚያን ሰዓት በእጃችን ያለው ዓሣ ትልቅ ሊሆን ይችላል።

ያ ልጅ ዛሬ አድጎ አስተማሪ ሆኗል፤ በአውራ ጣቱ ሥር አንዲት ትንሽ ነጭ ጠባሳ አለችው። ሣጥኒቱን ከእኛ ይልቅ አሁን እርሱ ያሰናዳታል፤ እኛ ከጎኑ ተቀምጠን ዝርዝሩን እናነብለታለን። ቅዳሜ ማታ በሌላ ክፍል ሆነን «ጋሼ» ሲል በሰማነው ጊዜ፥ የጨበጥነውን ነገር ሁሉ አስቀምጠን እንሄዳለን። ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ሞረዱ የት እንዳለ ለመጠየቅ ብቻ ነው።